ኤግበርት አትሽጡ ይላል

ፌብሩዋሪ 21፣ ሰኞ

ጭጋግ። ከተማችን ማንደቪል በዚህ ወር ሁልጊዜም እንዲህ ናት፤ ከበረንዳው ሆኜ የጎረቤቴ የብርቱካን ዛፍ እንኳ አይታየኝም። ልብስ አጠብኩ፣ አልደርቅ አለ። ከሰዓት በኋላ እኛ ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን በማኅበር የገዛናቸውን አክሲዮኖች ዋጋ አየሁ። ባንኩ ትንሽ ወርዷል። የዶሮ ኩባንያው ባለበት ቆሟል። ሃርከር ዱቄት ጥቂት ሳንቲም ወጣ… ከያዝነው ከግማሽ በላዩ ሃርከር ነው። አንድን የዱቄት ፋብሪካ ይህን ያህል ማመን ልክ አይደለም። ይህን ለባሌ ለኤግበርትም ብዬዋለሁ፣ በሕይወት ሳለ።

"ታዲያ ማንን ልመን? ባንክን?" ይለኝ ነበር። አባቱ የሃርከርን ጆንያ ተሸክሞ ነው ያሳደገው። ይህን አክሲዮን የሸጠ እናቱን የሸጠ ነው፣ ይላል።

ወረቀቱን እያየሁ ጮክ ብዬ፣ "ጥቂት ብንቀንስስ?" አልኩ። ለማንም አይደለም፣ ለራሴ። ከበረንዳው ወንበር በኩል ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። ባሌ እምቢ ሊል ሲል እንዲያ ነው የሚያደርገው… ያደርግ የነበረው።

ፌብሩዋሪ 22

ጎረቤቴ ይሆናል ጉሮሮውን የጠረገው። ጎረቤቴ ግን ልጁን ሊጠይቅ ኪንግስተን ከወረደ ሳምንት አልፎታል።

ማርች 2፣ ረቡዕ

የወሩ ስብሰባ፣ እኛ በረንዳ ላይ። አምስታችንም ተገኘን። ላሰልስን ከጠየቁት ግን ስድስት ነን።

ሰው ቢሰማን እብዶች ይለናል። ባለፈው ኦገስት ኤግበርት ሲሞት በወረርሽኙ ምክንያት መሰብሰብ ክልክል ነበር። ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው፣ እሱም ተራርቆ ቆሞ። የነፍስ መሸኛው ዘጠነኛ ሌሊቱ ጭራሽ አልተደረገም። መዝሙር የለ፣ የተጠበሰ ዓሣ የለ፣ ነፍሱን "በል እንግዲህ ሂድ" ብሎ ከቤት የሸኘ የለ። ሴፕቴምበር ላይ ስንሰበሰብ ላሰልስ የኤግበርት ወንበር ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ከለከለ። የድሮ አውቶቡስ ሾፌር ነው፣ የባሌ የልብ ጓደኛ። "ዘጠነኛው ያልወጣለት ሰው አልሄደም" አለ። "ያልሄደ ሰው አባል ነው። አባል ደግሞ ድምፅ አለው።" ሳቅን። ሳቅን እንጂ ተው ያለው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስለመሸጥ እጅ በወጣ ቁጥር ወደኔ ዞሮ፣ "ኤግበርትስ ምን ይላል?" ይለኛል። የማውቀውን እናገራለሁ። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ ምን እንደሚል ካላወቅኩ ማን ሊያውቅለት ነው?

ዛሬ ሁሉም ደስ ብሎታል። በሩቅ አገር ጦርነት ተነስቶ ስንዴ ተወደደ፣ የሃርከር ዋጋም ወደ ላይ ተተኮሰ። ላሰልስ ጉልበቱን እየመታ፣ "አያችሁ! ሰውየው መቃብር ውስጥ ሆኖም ገበያ ያነባል!" አለ። እኔም ሳቅኩ። ከልቤ አልነበረም።

ማርች 19፣ ቅዳሜ

ጓደኛዬን ክላሪስን፣ የማኅበራችንን ልብስ ሰፊ፣ ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኳት። አንዱን ዓይኗን በልጅነቷ ነው ያጣችው። በአንዱ ዓይኗ የዚህን ከተማ ሙሽራ ሁሉ አልብሳለች። አሁን እሱንም ሞራ እየሸፈነው ነው። መንገድ ላይ ክንዴን ይዛ፣ "አዮኒዬ፣ መርፌ ውስጥ ክር መክተት አቃተኝ። ለጎረቤት ልጅ እየሰጠሁ ነው የማስከትተው" አለችኝ። ቀልድ አስመስላ።

ሐኪሙ ሞራው ሳይጠነክር ይነሳ አለ። ቢዘገይ በኦገስት። ከዚያ ከዘገየ ለዚህ ዓይን ኃላፊነት አልወስድም አለ። የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ከኦገስት ያልፋል፣ ስለዚህ የግል ክሊኒክ ነው። ገንዘቡ አላት፤ ማኅበሩ ውስጥ ነው ያለው። ማኅበሩ ደግሞ ያለው ሃርከር ውስጥ ነው።

ማታ የሃርከርን ሪፖርት ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ስንዴ ሲወደድ ዱቄት ሻጩ የሚያተርፍ ይመስላል። ስንዴውን የሚገዛው ግን እሱ ነው፤ በአሜሪካ ዶላር፣ ያውም በብድር። ሰው ዋጋውን ያየና ይገዛል፣ ሪፖርቱን ማን ያነባል? አሁን ነው መሸጫው። ወጥቶ ሳለ።

ኤፕሪል 6፣ ረቡዕ

ሐሳቤን አቀረብኩ። ሃርከርን እንሽጥ። የክላሪስን ድርሻ በጥሬው እንስጣት። በቀረው የመንግሥት የብድር ሰነድ እንግዛ፣ ወለዱ እየወጣ ነው። ወለድ ሲወጣ አክሲዮን ይደነግጣል አልኳቸው።

ይሸጥ ያልነው እኔ፣ ክላሪስና ፓንዚ። አይሸጥ ያሉት ላሰልስና ሮይስተን። ሮይስተን የፓንዚ ባል ነው፤ እሷ ዘነበ ካለች እሱ ፀሐይ ነው የሚል።

"ሦስት ለሁለት! ተሸጠ!" አለች ፓንዚ።

"ቆይ እስቲ" አለ ላሰልስ። "ሚስ አዮኒ፣ ኤግበርትስ ምን ይላል?"

ሽጡ ይላል ማለት ምን ያቅታል? አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ጉሮሮው ተጠረገ። ከኋላዬ፣ ቅርብ። ማንም ቀና አላለም። ፈራሁ፤ ደግሞ ደስ አለኝ… ሁለቱም እኩል።

"አትሽጡ ይላል" አልኩ።

ሦስት ለሦስት። በደንባችን እኩል ከሆነ የነበረው ይጸናል። ክላሪስ ቦርሳዋን በእጇ እየዳሰሰች ፈለገች፣ እግሯ ስር ነበር።

ኤፕሪል 7

በአንድ እጄ ሽጡ፣ በሌላው አትሽጡ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኤፕሪል 15፣ ስቅለት

ፓንዚ እንደ ልማዷ ጎህ ሲቀድ የእንቁላል ነጭ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምራ ቅርጹን ስታነብ ደረስኩ። "መርከብ ነው፣ የመልካም ጉዞ ምልክት!" አለች።

"ሬሳ ሣጥን ነው" አለ ሮይስተን።

"ሬሳ ሣጥን ካየህ ታዲያ ሃርከርን አትሽጡ ያልከው ምን ሆነህ ነው?"

"እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።"

የፋሲካውን ጣፋጭ ዳቦ በአይብ በላን። ዋጋው ጨምሯል፣ መጠኑ አንሷል። ሱቅ ውስጥ ሴቶቹ ግማሽ ቁረጥልን ሲሉ ሰምቻለሁ። ለስቅለት ግማሽ ዳቦ የገዛ ሰው በሌላው ቀን ምን ሊገዛ ነው? ሃርከር ይህን ያውቅ ይሆን?

ሜይ 4፣ ረቡዕ

ሃርከር ለዚህ ሩብ ዓመት የትርፍ ድርሻ አልከፍልም አለ። ዋጋው ከማርች ወዲህ ቁልቁል ነው። ዛሬም ድምፅ ሰጠን። ዛሬም ሦስት ለሁለት፣ ከዚያ ያቺው ጥያቄ።

ፓንዚ ቀድማኝ ጮኸች። "እህት አዮኒ፣ በናትሽ ሰውየው ሐሳቡን ቀየረ በይና ገላግይን!"

"በሟች ስም ይዋሻል እንዴ?" አለ ላሰልስ።

"በቁም ያለችው እየታወረች ነው፣ አንተ ለሟች ታስባለህ!"

"የሞተ ተጎዳ ብለሽ ነው? ኤግበርት ይህን ማኅበር ሲያቋቁም አንቺ አክሲዮን የሚበላ ይመስልሽ ነበር!"

ሁሉም እኔን አዩ። ሰማሁት። አሁንም ከኋላዬ። "አትሽጡ" አልኩ።

ሲሄዱ ክላሪስ ቀረች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"አዮኒ፣ የእውነት ትሰሚዋለሽ?"

"እሰማዋለሁ።"

"እንዴት ነው?"

"እንደ ድሮው። ጉሮሮውን ይጠርግና…"

የክላሪስ ባል ከሞተ ስንት ዘመኑ። "ታድለሽ" አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሜይ 10

ሃርከር ወረደ።

ሜይ 20፣ ዓርብ

ወለድ እንደገና ጨመረ። ሃርከር ወረደ። ባንኩ ወረደ። የዶሮው ኩባንያም ወረደ፤ ዶሮም ቀለብ ትበላለች። የአክሲዮን ደላላችን ደወለች። "ሚስ ፒኖክ፣ ሁሉም ደንበኞቼ ከሃርከር እየወጡ ነው፤ እናንተ ምን እየጠበቃችሁ ነው?" ምን ልበላት? ባሌ እምቢ አለ ልበላት?

"እያሰብንበት ነው" አልኳት።

ወንበሩ ላይ እሱን የምታክል ጥላ ያየሁ መሰለኝ። መብራት ሳበራ ትራሱ ነው። ትራሱን ማን እዚያ አስቀመጠው? እኔ ራሴ ነኝ፣ ጀርባውን እንዳያመው።

ጁን 1፣ ረቡዕ

ክላሪስ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ መጣች። ሻይ ስትቀዳ ኩባያውን ስታ እጇ ላይ አፈሰሰችው። "ምንም አይደል፣ መስፋት ካቆምኩ እጄ ለምኔ ነው" ብላ ሳቀች። ብቻዋን ነው የሳቀችው።

እጅ አወጣን። ላሰልስ ጥያቄዋን ሲጠይቅ ድምፁ አነሰ፣ ዓይኑም የክላሪስ እጅ ላይ ነበር። እኔ መለስኩ። መልሱን መጻፍ ያሳፍረኛል።

ጁን 2፣ ሐሙስ

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ሲነጋ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ ዓለም ሁሉ በባንኮች ጉድ ሲናወጥ፣ የሞንቴጎ ቤይ ሆቴል አክሲዮን ነበረን። የጫጉላ ጊዜያችንን ያሳለፍንበት ሆቴል ስለሆነ ኤግበርት ይሳሳለት ነበር። አንድ ጠዋት ተነስቶ ሸጠው፣ ሁሉንም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። "አዮኒ፣ እንግዳ ከሌለ ሆቴል ግድግዳ ነው" አለኝ። ጫማውን እያሰረ ነበር። ጉሮሮውንም አልጠረገም።

እንዲህ ያለ ሰው የክላሪስን እጅ ቢያይ አትሽጡ ይላል? ሃርከርን ይወደው ነበር፣ አዎ። ሞኝ ግን አልነበረም። ኤግበርት ሞኝ ሆኖ አያውቅም።

ታዲያ በረንዳዬ ላይ ያለው ማነው? እሱ ከሆነ ለምን እንደዚያን ጠዋት አይናገርም፣ ለምን ጉሮሮውን ብቻ ይጠርጋል? እሱ ካልሆነ ደግሞ…

እሱ ካልሆነ እኔ ነኝ። ሃርከር እስካልተሸጠ በየወሩ አንድ ጊዜ ስለሱ እጠየቃለሁ። በየወሩ አንድ ጊዜ ይመልሳል። ለዚህ ብዬ የጓደኛዬን ዓይን ይዣለሁ? ምን ዓይነት ጉድ ነው ይሄ።

መሸኘት አለበት። ደፒ፣ የሙት መንፈስ፣ ሆኖም ይሁን እኔ ሆኜ፣ መሸኘት አለበት።

ጁን 5፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለላሰልስ ነገርኩት። መሰብሰብ ተፈቅዷል፣ ዘጠነኛውን ላደርግለት ነው አልኩት። መንገዱ መሃል ቆመ፣ መኪና ጡሩንባ እስኪነፋበት።

"ዓመት ሊሞላው ሲል? ይሄማ መሸኘት አይደለም፣ ማባረር ነው። ድምፁን ልትቀሚው ነው።"

"ድምፁን እኔ ነኝ የምሰጠው ላሰልስ። መቼም ታውቃለህ።"

"አላውቅም" አለ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዞረው ጀመር። "እኔስ? ማክሰኞ ማክሰኞ በረንዳሽ ላይ ዶሚኖ ዘርግቼ የምቀመጠው ከማን ጋር ይመስልሻል? ካንቺ ጋር? አንቺ ጨዋታ አትችይም!"

ልስቅ ስል አየሁት። ሽማግሌው እያለቀሰ ነበር። ይህን ሁሉ ወር ስለ አክሲዮን የምንጨቃጨቅ መስሎኝ።

ተሰናብቼው ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ ጮኸ። "ፍየሉን እኔ ነኝ የማመጣው! ሌላ ሰው ያመጣ እንደሆነ አልመጣም!"

ጁን 26፣ እሑድ ጠዋት

ሆነ።

ሰፈሩ ሁሉ መጣ፣ አሥር ወር ሙሉ ሲጠብቁ የነበሩ ይመስል። የፍየል ሾርባ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ የካሳቫ ቂጣ፣ ነጭ ሩም። ሴቶቹ መዝሙር አወጡ፣ ወንዶቹ ዶሚኖ እያጋጩ ጠረጴዛዬን ሰነጠቁት። ለኤግበርት አንድ ሳህን ሞልተን ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ስር አስቀመጥን፤ ማንም አልነካም። ሮይስተን ስለ ኤግበርት ውሸት አወራ፣ ፓንዚ አረመችው፣ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ኤግበርት ይህን ቢያይ ይወደው ነበር። ምናልባት አይቶታል።

ከዚያ መኝታ ቤቱን ገለበጥን። አልጋው በመስኮቱ በኩል፣ ቁምሳጥኑ በበሩ በኩል። ፍራሹ ተገለበጠ። የሱ ጎን ጎድጎድ ብሎ ነበር፣ አሁን ከታች ነው ያለው። ተመልሶ ቢመጣ ቤቱን እንዳያውቀው ነው። ከበረንዳ ወንበሩን ላሰልስ ራሱ አነሳው። ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም።

ሰዓቱ ሲደርስ ላሰልስ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ሩም አፈሰሰ። "ኤግበርት ፒኖክ፣ በልተሃል፣ ጠጥተሃል፣ ተዘምሮልሃል። በል እንግዲህ ሂድ፣ ወንድሜ።" ሁሉም "ሂድ" አለ። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ሚስት ካላለችው አይሄድም ይላሉ።

በልቤ ምን እንዳልኩት ለማንም አልናገርም። "አልሸጥም፣ ክላሪስም ትቅር፣ ካልኩ ትቆያለህ?" አልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ብያለሁ። ጆሮዬን ቀስሬ ጠበቅኩ።

ክላሪስ በፋሻ እጇ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳበሰች አጠገቤ ደረሰች። ትከሻዬን ልትይዝ ፈልጋ በስህተት ጉንጬን ነካችኝ።

"ሂድ ኤግበርት" አልኩ።

ጁን 28

ቤቱ ዝም ብሏል። ሦስት ጊዜ ከአልጋው ጋር ተጋጨሁ። ለሱ የተደረገው ለኔም ሳይሆን አልቀረም፣ ቤቱን አላወቅኩትም።

ጁላይ 6፣ ረቡዕ

ይሸጥ ሦስት። ሮይስተን አትሽጡ። ላሰልስ ለአፍታ ወደኔ ሊዞር ሲል ራሱን ገታና እጁን አወጣ። "አትሽጡ" አለ፣ "ይሄኛው ግን የራሴ ነው።"

ሦስት ለሁለት።

ጁላይ 8፣ ዓርብ

ሸጥን። ኤፕሪል ላይ ብንሸጠው ኖሮ ከምናገኘው ሲሶ ያህሉን አጥተናል። ይህ የኔ ጥፋት ነው፣ የገበያ አይደለም። ደላላዋ በስልክ፣ "ሚስ ፒኖክ፣ እርግጠኛ ነዎት?" አለችኝ። "አይደለሁም፣ ሽጪው" አልኳት።

የክላሪስ ድርሻ ለሕክምናው ይበቃል። ለጥቂት ነው፣ ግን ይበቃል። ለክሊኒኩ ደውዬ ቀን አስያዝኩላት።

ጁላይ 21፣ ሐሙስ

ስንዴ እየረከሰ ነው አሉ። ሃርከር ከሸጥንበት በላይ ወጣ! ኤግበርት ቢሆን፣ "አልነገርኩሽም?" እያለ ሳምንት አያስተኛኝም ነበር። ሬዲዮኑን አጥፍቼ በረንዳ ወጣሁ። ይስቅብኝ ብዬ ቆምኩ። ይስቅብኝ፣ ይስደበኝ፣ ምን አለበት…

የሆነ ውሻ ሲጮኽ ሰማሁ። ሌላ ምንም።

ኦገስት 3፣ ረቡዕ

በቀረችን ገንዘብ ከፊሉን የመንግሥት ሰነድ፣ ከፊሉን የአንድ መጋዘን አከራይ ኩባንያ አክሲዮን እንግዛ አልኩ። ብድሩ ትንሽ ነው፣ ተከራዮቹ ውላቸው ረጅም ነው፣ ዋጋው ከሁሉም ጋር አብሮ ወርዷል። ሮይስተን "ማን ነው የመረጠው?" አለ።

"እኔ" አልኩ።

ከተሳሳትኩ እንግዲህ ራሴው ነኝ። ይህ እንዴት እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ኤግበርት ሲያስበው እኔ መቃወም ብቻ ነበር ሥራዬ። አምስት እጅ ወጣ። ሮይስተን እንኳ፣ ፓንዚ እስክትደነግጥ።

ኦገስት 19፣ ዓርብ

ኪንግስተን። ሙቀቱ አይጣል ነው። ትናንት ሞራው ተነሳ፣ ዛሬ ጠዋት የክሊኒኩ ሐኪም የክላሪስን ዓይን ፈታችላት። ከአልጋው አጠገብ ቆሜ እጇን ይዤ ነበር።

መጀመሪያ ሐኪሟን አየቻት። ከዚያ መስኮቱን፣ መጋረጃውን። የመጋረጃው ስፌት ጠማማ ነው አለች። ሐኪሟ ሳቀች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ፊቴ ላይ ቆየች፤ በጣም ቆየች።

"አዮኒ?"

"እኔ ነኝ።"

"መቼ ነው እንዲህ የሆንሽው?"

"እንዴት?"

"ፀጉርሽ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ጉንጭሽ የለም። ልብስሽ የሰው ልብስ ይመስላል… ይህን ሁሉ ማንም አልነገረኝም እኮ!" እጇን ዘርግታ ፊቴን ነካች። አሁን አልሳተችም። "አዮኒዬ፣ ባልሽ እኮ ሞቷል" አለችኝ፤ መርዶ ልታረዳኝ የመጣች ይመስል፣ ቀስ ብላ።

ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ እንጂ በአፌ ብዬው አላውቅም። ለላሰልስም፣ ለቄሱም፣ ለደላላዋም። አንድም ቀን።

"አዎ" አልኩ። "ሞተ።"

ዓመት ሙሉ እንባ የሚባል አልወጣኝም ነበር። ዛሬ ሐኪሟ ፊት፣ ነርሶቹ ፊት፣ ክላሪስ እያየችኝ አለቀስኩ።